አስፋልቱን ለግል፣ ዳገቱንስ ለማን?

ማለዳ ደሴ መናኸሪያ የቆመ ሰው የግል ፖስታ ምን እንደሚመስል ያውቃል። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ሳለ እናቶች በፌስታል የታሰረ በሶ፣ በጄሪካን የታሸገ ማር፣ በካኪ ፖስታ የተዘጋ ሰነድ ይዘው ይደርሳሉ። ረዳቱ ይቀበላል፤ የተቀባዩ ስልክ ቁጥር ጥቅሉ ላይ ጎላ ተደርጎ ይጻፋል፤ የሾፌሩ ቁጥር ለላኪው ይሰጣል፤ ሒሳብ ይከፈላል። ማታ አዲስ አበባ ያለው ልጅ መናኸሪያ ወርዶ ይረከባል። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በአንድ ቀን!

ስለዚህ የግል አጓጓዦች ከመንግሥት ፖስታ በርካሽ ደብዳቤ ማድረስ ይችላሉ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ወሎዬ መልሱን ለማግኘት መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም። ይችላሉ፤ እያደረሱም ነው። አውቶቡሱ ሰው ጭኖ መሄዱ አይቀርም፤ ነዳጁን ተሳፋሪው ከፍሎታል። በወንበር ሥር የምትገባ አንዲት ፖስታ የምትጨምርበት ወጪ ከምንም አይቆጠርም። ይህን አይተው ነው አንዳንዶች «ታዲያ የመንግሥት ፖስታ ቤት ለምን ያስፈልጋል? ሥራው ለግል ይሰጥ» የሚሉት። እኔም እስከ ደሴ ድረስ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ከደሴ ወዲያ ግን መንገዳችን ይለያያል።

አክስቴ የምትኖረው ደላንታ፣ ከወረዳው ከተማ ከወገል ጤና የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚርቅ ቀበሌ ነው። ዐረብ አገር ያለችው ልጇ የላከችው ውክልና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በአውቶቡስ ደሴ፣ እኔ ዘንድ፣ በአንድ ቀን ደረሰ። ከዚያ በኋላ ሃያ ቀን መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። ወደዚያ የሚሄድ፣ ያውም አደራ የሚሰጠው ሰው ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። የገበያ ቀን የሚመጣ ዘመድ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። በመጨረሻ ራሴ ተነሣሁ፤ የበሺሎን ሸለቆ ወርጄ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ ወገል ጤና አድሬ፣ በማግስቱ በእግሬ ደረስሁ። አክስቴ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀብላ «ልጄ፣ ደሴ ድረስ መጥቶ እኔን እንዴት አጣኝ?» አለችኝ። ጥያቄዋ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ያ ደብዳቤ ስንት ወጣበት? ለረዳቱ የከፈልሁት ከአንድ ምሳ ዋጋ ያነሰ ነበር። የእኔ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የአልጋ፣ ከሥራ የቀረሁባቸው ቀናት ደመወዝ ሲደመር ግን አውቶቡሱ ከወሰደው በብዙ እጥፍ በለጠ። ርካሽ ነው የምንለው አገልግሎት ርካሽ የሆነው ውዱን ክፍል ለእኛ ትቶልን ስለሚወርድ ነው።

ይህን ያስተዋሉት ከእኛ በፊት ሌሎች ናቸው። እንግሊዛዊው ሮውላንድ ሂል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፖስታን ወጪ ሲመረምር፣ አንድን ደብዳቤ ከለንደን ኤዲንብራ ለማጓጓዝ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከአንድ ፔኒ (የእንግሊዝ ሳንቲም) 36ኛ እጅ ብቻ ሆኖ አገኘው። ወጪው ያለው መንገዱ ላይ ሳይሆን ከላኪው በመቀበል፣ ሒሳብ በመሰብሰብና ከተቀባዩ እጅ በማድረስ ላይ ነበር። በ1840 እ.ኤ.አ. ብሪታንያ በመላ አገሪቱ አንድ ወጥ የአንድ ፔኒ ዋጋ የደነገገችው ከዚህ በመነሣት ነው።

ለግል ዘርፍ የሚቆሙ ሰዎች ደግሞ አሜሪካዊውን ላይሳንደር ስፑነርን ይጠቅሳሉ፤ መጥቀሳቸውም ትክክል ነው። ሰውየው በ1844 እ.ኤ.አ. ከመንግሥት ዋጋ በጣም ባነሰ ክፍያ ደብዳቤ የሚያመላልስ ኩባንያ አቋቋመ። መንግሥት በሕግ አሳድዶ አዘጋው፤ ሆኖም በማግስቱ ዓመት የራሱን ዋጋ ለመቀነስ ተገደደ፤ በ1851 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቅድሚያ የተከፈለበትን ደብዳቤ ወደ 3 ሳንቲም አወረደው። ውድድር ያለ ጥርጥር ሠርቷል። ነገር ግን የስፑነር ኩባንያ የት የት ይሠራ ነበር? ቦስተን፣ ኒውዮርክ፣ ፊላደልፊያ፣ ባልቲሞር፤ የዚያ አገር «ደሴ–አዲስ አበባ» ማለት ነው። በእኛ ዘመንም ትልልቆቹ የአሜሪካ የግል አጓጓዦች ዩፒኤስና ፌዴክስ ለዓመታት ብዙ ጥቅሎችን የመጨረሻዋን ጉዞ እንዲጨርስላቸው ለመንግሥት ፖስታ ያስረክቡ ነበር፤ ራቅ ላለ አድራሻም ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃሉ። ነጋዴ ናቸውና አልወቅሳቸውም።

የመንግሥቱ ፖስታም ቢሆን በእኛ አገር ዳገቱን አልወጣም። የኢትዮጵያ ፖስታ በ1886 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ከተመሠረተ ወዲህ በአመዛኙ የኖረው በሣጥን ቁጥር ነው። ደብዳቤው ከተማ ይደርሳል፤ ባለቤቱ መጥቶ ይወስዳል። ሣጥን የሌለው ገበሬ «በእገሌ ትምህርት ቤት በኩል» እየተባለ ነበር የሚጻፍለት። «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» የሚለው ወረቀት ስንት ሳምንት በርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ እንደሚቆይ የዕድሜ እኩዮቼ አይረሱትም። መምህራኑ ያለ አንዳች ክፍያ የአገሪቱ ፖስተኞች ነበሩ። ይህ ውለታቸው በአግባቡ ተነግሮላቸው አያውቅም።

እንግዲህ ክርክሩን የመንግሥት ወይስ የግል ብሎ ማቆም መንገዱን ከዳገቱ መቀላቀል ነው። አስፋልቱ ይከፈት። የአውቶቡስ መልእክት በሕግ ይታወቅ፤ ደረሰኝ ይኑረው፤ ለጠፋ ዕቃ ተጠያቂ ይኑረው። የእኔ የትምህርት ማስረጃ በአንድ አውቶቡስ ተልኮ ሲጠፋ ረዳቱ «ለሌላ ሰው ሰጥቼው ይሆናል» አለኝ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። በእጄ አንዲት ቁራጭ ደረሰኝ እንኳ ስላልነበረችኝ የምከስበት ነገር አልነበረኝም። አደራ በመተማመን የሚጸና ትልቅ ነገር ነው፤ በቀን ብዙ ጥቅል ለሚጭን ረዳት ግን መተማመን ብቻውን አይበቃውም።

ዳገቱን ደግሞ መንግሥት በጨረታ ይግዛው። ደላንታ፣ ሳይንት፣ ቦረና፣ መቅደላ እያለ በየወረዳው ይከፋፍልና፣ ከወረዳው ከተማ እስከ ቀበሌ ለሚደርስ ለእያንዳንዱ መልእክት በትንሹ ዋጋ ለሚያደርስ ይክፈል። አሸናፊው የሞተር ብስክሌት ባለቤት ይሁን፣ በቅሎ ያለው ይሁን፣ ራሱ የመንግሥት ፖስታ ይሁን ለውጥ የለውም። ክፍያው የሚፈጸመው ግን ተቀባዩ ሲፈርም ብቻ ይሁን፤ ሣጥን ውስጥ ለተከተተ ደብዳቤ ገንዘብ አይውጣ። ኢትዮጵያ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ናት፤ የኅብረቱ ስምምነትም አባል አገሮች መሠረታዊውን የፖስታ አገልግሎት በየትኛውም የግዛታቸው ክፍል ለሚኖር ሰው በሚችለው ዋጋ እንዲያዳርሱ ይጠይቃል።

መንግሥት ከየት አምጥቶ ይከፍላል የሚል ይኖራል። ገንዘቡ አሁንም እየተከፈለ ነው። የሚከፍሉት ለአንዲት ወረቀት ሁለት ቀን ተጉዘው፣ እርሻቸውን ትተው፣ የሰው ቤት አድረው የሚመለሱ ሰዎች ናቸው፤ በየትኛውም በጀት ውስጥ ስላልተጻፈ አይታይም እንጂ። አንዱ ሞተረኛ በአንድ ጉዞ የአርባ ሰው መልእክት ይዞ ቢወጣ አርባ ሰው ከመንገድ ይተርፋል። አክስቴም የሚቀጥለውን ወረቀቷን ከደጇ ሳትርቅ ፈርማ ትቀበላለች።