ለክቡር ቀኝ እጅ

ለክቡር የፓርላማ ተመራጫችን ቀኝ እጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሳላስበው ስለሰጠሁት ድጋፍ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ ለባለቤትዎ ያልጻፍሁት ንቄያቸው አይደለም። አፋቸውን ሰምቼዋለሁ፤ ስለ ቀበሌና ስለ ከተማ ምክር ቤት ሥልጣን ሲናገር ማር ይንጠባጠብበታል። ጆሯቸውንም አይቼዋለሁ፤ ስብሰባውን ሙሉ ስልክ ተለጥፎበት ነበር። ሕግ የሚያጸድቀው ግን አፍም ጆሮም አይደለም፤ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ አቤቱታዬን በቀጥታ ለሚመለከተው አካል አቀረብሁ። አካል የሚለው ቃል በትክክለኛ ትርጉሙ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ባለፈው ቅዳሜ ከባለቤትዎ ጋር ጎንደር መጥታችሁ አዳራሽ ጠርታችሁን ነበር። ጥሪው ሁለት ሰዓት ይላል፤ የተጀመረው አራት ሰዓት ተኩል ነው። ይህን አንባቢ ስለሚያውቀው አልደክምበትም። ንግግሩ በአፄ ፋሲለደስ ተከፈተ። (እዚህ ከተማ ቦኖ ለመመረቅም ንግግሩ የሚነሣው ከእርሳቸው ነው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አበል ቢታሰብላቸው ኖሮ እስካሁን ሌላ ግንብ ያሠሩ ነበር።)

እኔ የሄድሁት ለአንዲት ጥያቄ ነው። ከቤታችን በታች ያለው የውሃ መውረጃ ቦይ ክዳኑ ከተሰበረ ሁለት ክረምት አለፈው። የሠፈሩ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ሲሚንቶ ገዝቷል፤ የተቀመጠውም በእኔ ማድ ቤት ነው። የጎደለችው የፈቃድ ወረቀት ብቻ ናት። ቀበሌው «ከአቅማችን በላይ ነው» አለ። ክፍለ ከተማው «ቀበሌው ይጻፍልን» አለ። ከተማው «በዕቅድ አልተያዘም» አለ። ልጠይቅ ያሰብሁትም፣ ለታችኛው እርከን ሥልጣን ይሰጥ የሚል ነገር ፊትዎ በመጣ ጊዜ እርስዎ ተነሡ ወይስ ተኙ የሚል ነበር።

ዕድል ይሰጠኛል ብዬ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅሁ። ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ መድረክ መሪው አንድ ወረቀት አውጥቶ እንደ ውዳሴ ማርያም በጥድፊያ ያነበንብ ጀመር። ዝም ሲል ተራዬ የደረሰ መስሎኝ እጄን አወጣሁ። ለካስ የተነበበው የአቋም መግለጫው ነው፤ ዝም ያለውም «የምትደግፉ» ብሎ እየቆጠረ ነው! ዘወር ብዬ ባይ አዳራሹ ምሳ በናፈቃቸው እጆች ደን መስሏል። ላወርድ ስል ካሜራ የያዘ ወጣት «ጋሼ፣ ትንሽ ከፍ ያድርጉት» አለኝ። ከፍ አደረግሁት። ፎቶ አንሺ ሲያዝ መታዘዝ ከልጅነቴ የለመድሁት ነው። «ተቃውሞ? የለም። ድምፀ ተአቅቦ? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» ጭብጨባ ሆነ። እኔም አጨበጨብሁ መሰለኝ።

የመግለጫውን አምስተኛ ነጥብ ያነበብሁት ቤቴ ገብቼ ነው። ከታችኛው እርከን አቅም በላይ የሆኑ ጥያቄዎች ለበላይ አካል ቀርበው በሂደት እንዲፈቱ ይላል። የእኔ ቦይ ማለት ናት። በገዛ እጄ ወደ ላይ ላክኋት።

ሰኞ ጠዋት ለዚያችው ወረቀት ቀበሌ ሄድሁ። ፎቶው ቀድሞኝ ደርሶ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል፤ እኔ ከፊት፣ እጄም ከሁሉም በላይ። ሠራተኛው ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ፎቶውን አየና «ጋሼ፣ እርስዎ ቅዳሜ ደግፈው የለም እንዴ?» አለኝ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እጀ ሰባራ የሆነ ሰው ሌላ ምን ይሠራል?

እጀ ሰባራ ካልሁ አይቀር፣ ጎረቤታችን እማማ ባለፈው ሐምሌ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጎርፉ ቦዩንና መንገዱን አንድ አድርጎት ነበር። እስከ ወገባቸው ገቡ። ቀኝ እጃቸው ከክርናቸው በላይ ተሰበረ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ለሠፈሩ ማመልከቻ አሻራ ሲጠየቁ በጄሶ የታሰረውን እጅ አሳዩ፤ የግራ አውራ ጣት አንቀበልም ተባሉ። አንተ ግን ደህና ነህ። አልተሰበርህም፣ አልዛልህም። ውጣ ሲሉህ ትወጣለህ፣ ውረድ ሲሉህ ትወርዳለህ፣ አበልህን ትቆጥራለህ። ለእኚህ ሴት ብለህ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ተነሥተህ ታውቃለህ?

ይቅርታ፤ አንቱታው አመለጠኝ።

ወደ መዝገብዎ ልመለስ። ባለቤቶችዎ ይቀያየራሉ፤ እርስዎ ግን ያው ነዎት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ለዝቅተኛ እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ካለ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በቂ ማለት ስንት እንደሆነ የነገረን የለም። በ2007ቱ ምርጫ 547ቱም መቀመጫ በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ ሲያዝ ከጎንዎ የሚያሳፍርዎ እጅ እንኳ አልነበረም። የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የተመረጠው በ2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 ተራው ሲደርስ የእርስዎ ምክር ቤት አራዘመው፤ በ2005 አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ አሥራ ሁለተኛን ጨርሷል፤ እኛ ገና መራጮች ነን። የአካባቢ ምክር ቤት ይጠናከር ሲባል ከሁሉ ቀድመው ይወጣሉ። በጀቱም አብሮት ይውረድ ሲባል ኪስ ይገባሉ።

ዜናውስ ቢሆን ቁጥር እንጂ ስም መች ይነግረናል? «በሁለት ተቃውሞና በሦስት ድምፀ ተአቅቦ» የሚል በሰማሁ ቁጥር፣ ምናልባት ከሁለቱ አንዱ የእኛው ይሆን ብዬ በተስፋ አድሬ አውቃለሁ። ባለቤትዎ ሲጠየቁ «የክልሉ ሥራ ነው» ይላሉ። ባሕር ዳር ያለው ባልደረባዎ ደግሞ ገንዘቡ ከአዲስ አበባ ነው ይላል። በእጅ አዙር መተዳደር እንዲህ ነው።

አንቀጽ 12 እምነት ያጣንበትን ተመራጭ ማውረድ እንደምንችል ይናገራል። ለዚያም መቼም እጅ ማውጣት ሳያስፈልግ አይቀርም። የእኔን እጅ ደግሞ ከቅዳሜ ወዲህ አላምነውም።

ሲሚንቶው ማድ ቤት ውስጥ ድንጋይ መሆን ጀምሯል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንዱን ሌሊት ከሠፈሩ ጎረምሶች ጋር ቦዩን ልንከድነው ነው። እጅ ከፍንጅ ከተያዝን፣ በሙሉ ድምፅ የተወሰነ ነው እላለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
በፎቶው ላይ ከፊት ያለው

ግልባጭ፦
ለግራ እጅ
ለእማማ (ይነበብላቸው)