የፎቶው ጀርባ

እናቴ በ1977 ዓ.ም. ደሴ ፎቶ ቤት ገብታ የተነሳችው ፎቶ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ። ከኋላዋ በቀለም የተሳለ ሐይቅ፣ እጇ ላይ ለዚያች ቀን ከጎረቤት የተዋሰችው ሰዓት ይታያል። ገልበጥ ሲያደርጉት በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለውድ እኅቴ መታሰቢያ ይሁንሽ» ይላል፤ ከሥሩ ሙሉ ስሟ፣ ከተማው፣ ወሩና ዓመቱ። የዚያን ዘመን ፎቶ እቤቱ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን ልማድ ያውቀዋል። ፎቶ ጀርባው ካልተጻፈበት እንዳለቀ አይቆጠርም ነበር።

በዚያው ዓመት፣ ከደሴ ወደ ሰሜን ኮረም ላይ፣ ዓለም እስከ ዛሬ ያልረሳው ሌላ ምስል ተቀረጸ። የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል ቡርክ እና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ስለ ረሃቡ ያዘጋጁት ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ተላለፈ። በብርድ የተኮራመቱ እናቶች፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሬሳዎች። በዘጠኝ ወሩ፣ ሐምሌ 6 ቀን፣ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ትልልቅ የእርዳታ ኮንሰርቶች ተካሄዱ። እህል መጣ፣ ሰው ተረፈ። ይህን መካድ ነውር ነው፤ መሐመድ አሚንም (በ1989 ዓ.ም. ኮሞሮስ አጠገብ በወደቀው የአየር መንገዳችን አውሮፕላን ሕይወቱ ያለፈ ሰው ነው) ከእኔ ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባውም።

ግን የእነዚያ ሰዎች ፎቶ ጀርባ ባዶ ነው። ዘገባው ረሃቡን በመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ከነበረው ጋር አመሳሰለው፤ ተመልካቹም ከሰማይ የወረደ መቅሰፍት አድርጎ ያዘው። ከሰማይ ለወረደ ነገር ደግሞ ማን ይጠየቃል? በሰሜን የነበረው ጦርነት ካሜራው ፊት አልቆመም። ደርግ ከአንድ ወር በፊት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በከፍተኛ ወጪ ሲያከብር፣ ረሃቡ እንዳይታይ ማድረጉም እንዲሁ። በዓለም ዓይን ውስጥ የቀረው ዝንብ ያረፈበት፣ ስም የሌለው የሕፃን ፊት ነው። ውጭ አገር ተቀምጦ «ከኢትዮጵያ ነኝ» ያለ ሰው፣ ያ ፊት ከእርሱ ቀድሞ ሲገባ ስንት ጊዜ አይቷል!

ምስል ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ደርግ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር፤ ወደ ሥልጣን ሲወጣ ተጠቅሞበታልና። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለብሪታንያ ሕዝብ አሳየ። እዚያ ያየው ሰው አልቅሶ ኪሱ ገባ። እዚህ ግን ያው ፊልም እንደገና ተቆርጦ፣ የቤተ መንግሥት ድግስና ሥጋ የሚቀርብላቸው የንጉሡ ውሾች በመሐል ገብተውበት፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ማታ በቴሌቪዥን ታየ። በነጋታው ንጉሡ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥታቸው ተወሰዱ። የተራበው ሰው ፊት በሁለቱም አገር አንድ ነው፤ የተለየው ከጎኑ የተቀመጠው ነው። ለንደን ላይ ለምጽዋት የጠራ ምስል፣ አዲስ አበባ ላይ ዙፋን ለመገልበጥ አገለገለ። ረሃቡ እውነት ነበር፣ መደበቁም እውነት ነበር። ያንን መደበቅ በፊልም ያጋለጡት ሰዎች ከ10 ዓመት በኋላ የራሳቸውን ረሃብ መደበቃቸው ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይህን ሁሉ የማነሳው ካሜራው አሁን በእኛው እጅ ስለገባ ነው። ድሮ «ፈረንጅ እንዲህ አድርጎ አሳየን» ብለን እናዝን ነበር። ዛሬ የተፈናቃዩን፣ የታመመውን፣ የአረጋዊውን ፊት ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ የምንለጥፈው እኛው ነን። የሌላ አገር ሬሳ የእኛ ሰፈር ነው ተብሎ ሲዘዋወር፣ የአምና ፎቶ የዛሬ ሆኖ ቂም ሲዘራ አይተናል። ስለዚህ ፎቶ የምታወጡ አዘጋጆችም ሆናችሁ ስልክ የያዛችሁ ወጣቶች፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ጀርባውን ጻፉ። ማን ነው፣ የት ነው፣ መቼ ነው፣ ለዚህ ያበቃውስ ምንድን ነው? ስሙ ቢጠራ ለሕይወቱ የሚሰጋ ሰው ካለ፣ ሳይጠየቅ የቀረ እንዳይመስል ስሙ የተተወው ለደህንነቱ መሆኑን ግለጹ። ፊቱን መስጠት የማይፈልግ ሰው ደግሞ መከልከል መብቱ ነው፤ ዘይት ስለተቀበለ ፊቱን አልሸጠም።

ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ፣ ሰፈራችን ካለው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ወጣቶች ዘይትና ዱቄት ሲያድሉ ቆሜ አየሁ። ልባቸው መልካም ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲሸከሙ ነው የዋሉት። አንዲት እናት ተራቸው ሲደርስ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉት። ስልክ የያዘው ልጅ፣ በትሕትና፣ «እማማ፣ ነጠላውን ትንሽ ገለጥ ያድርጉልኝ፣ ፊትዎ አልታየም» አላቸው። ዘይቱን አዩት፣ ልጁን አዩት፤ ገለጡት።

ማታ ቪዲዮው ወጣ። የልጆቹ ስም ተዘርዝሯል፣ መርዳት ለሚፈልግ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተቀምጧል። የእሳቸውን ስም እስከ መጨረሻው ፈለግሁት፤ የለም።