ውዳሴ ሰርቪስ ቤት

ትልቅ ቤት የሠራ ሕዝብ በየአገሩ አለ። ትልቁን ቤት እየሠራ፣ ግቢው ጥግ ባለች ሁለት ክፍል ልጅ ወልዶ፣ አሳድጎና ድሮ የሚጨርስ ግን እንደ አዲስ አበባ ሰው አላየሁም። ለዚህ ጥበብ እስካሁን ሐውልት አለመቆሙ ያሳዝነኛል። ቢጀመርም መጀመሪያ የሚሠራው የሐውልቱ ሰርቪስ ነው።

ነገሩ ሲጀመር በጤና ነው። ሰውዬው ቦታ ያገኛል። በማኅበር ይሁን፣ በሊዝ ይሁን፣ ከገበሬ ይሁን፣ እሱን አንጠይቅም። ኪራይ አንገቱን ይዞታል። አከራይዋ «መብራት አጥፉ» ትላለች። «እንግዳ አበዛችሁ» ትላለች። ልጅ ሲያለቅስ ግድግዳ ትደበድባለች። ስለዚህ አጥሩ ጥግ ላይ ሁለት ክፍል በብሎኬት ትቆማለች፤ ቆርቆሮ ይመታባታል፤ ወለሉ ሊሾ ይደረጋል፤ ቤተሰቡ ጓዙን ጭኖ ይገባል። «ለጊዜው ነው፣ ዋናው ቤት እስኪያልቅ።» እስከዚህ ድረስ ተራ ብልህነት ነው። እኔ የማደንቀው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያለው ሰው ሰርቪስ ቤት አላየም። በሩጫ ተሠርታ እንደ እሷ የጸና የለም። ዋናው ቤት ፕላን አለው፣ መሐንዲስ አለው፣ ማህተም ያረፈበት የግንባታ ፈቃድ አለው። የሚያድርበት ሰው ብቻ ነው የሌለው።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጋሼ አሉ። የዚህ ጥበብ ሊቅ ናቸው። ሰርቪሳቸው ውስጥ ቡፌ፣ ሶፋ፣ ፍሪጅ፣ ሁለት አልጋና ሦስት ልጆች አሉ። ሶፋው የተገዛው ለዋናው ሳሎን ስለሆነ ላስቲኩ አልተነሳም፤ በበጋ የተቀመጠበት ሰው ሲነሳ ቆዳው የሚላጥ ይመስለዋል። ቡፌው ከጣሪያው ስለረዘመ አናቱ በመጋዝ ተቆርጧል። አልጋው ሥር አራት ኩንታል ሲሚንቶ አለ። ሲሚንቶ በጠፋበት ሰሞን በስንት ልመና የተገኘ ነው። አሁን ድንጋይ ሆኗል። አልጋው ግን ቀጥ ብሏል፣ አይንቀጠቀጥም። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ባልና ሚስት አይደማመጡም፤ ስለዚህ ከሐምሌ እስከ መስከረም በዚያ ቤት ጠብ የለም። ቪላ ውስጥ ይህን ሰላም ማን ያገኘዋል?

እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ማየት ነው። ጋሼ በሩ ላይ ይቀበላሉ፤ ወደ ሰርቪሷ ግን አያስገቡም።

«መጀመሪያ ቤቱን እዩት!»

እንግዳዋ ነጠላዋን ሰብስባ በፌሮ መሃል ትሾልካለች።

«ይሄ ሳሎኑ ነው።» አራት ኮለን።

«ይሄ ኪችኑ።» የጠጠር ክምር።

«ይሄ ደግሞ ማስተር ቤድሩም። ባኞ ቤቱ ከውስጥ ነው።» ባኞ ቤቱ ውስጥ ዶሮዎች አሉ።

«ወይ ጉድ፣ ሲያምር! እግዜር ያስፈጽማችሁ!» ትላለች እንግዳዋ። ከዚያ ተመልሰው አልጋ ጫፍ ላይ ተደርድረው ቡና ይጠጣሉ።

ባለቤታቸው አንድ ጊዜ ድፍረት ተናግረዋል። «ለሳሎኗና ለአንዷ መኝታ በርና መስኮት ገጥመን ብንገባስ?» አሉ። ጋሼ ክው አሉ። «ያላለቀ ቤት ይገባል እንዴ? ሰው ምን ይለናል?» ልክ ናቸው። ሰርቪስ ውስጥ የሚኖርን ሰው ማንም አያማውም፤ «እየሠራ ነው» ተብሎ ይከበራል። ትንሽ ቤት ጨርሶ የገባውን ነው «በቃ ይህችው ናት?» የሚሉት።

በነገራችን ላይ ያ ቤት ሲጀመር ተራ ቪላ ነበር። የወዲያኛው ጎረቤት ጂ ፕላስ ዋን ሲያወጣ የጋሼም ቪላ ደረጃ አበቀለ። የወዲህኛው ጂ ፕላስ ቱ ሲል ፕላኑ ተቀየረ። አሁን ሶለታው ላይ ፌሮዎቹ ሰማይ ሰማይ እያዩ ዝገዋል፤ ጎረቤት ነገ ምን እንደሚያስብ አይታወቅማ። ገንዘብ ሲያልቅ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። በዚያ ግቢ እንቁላሉ ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ ዶሮ ወጥም ሆኗል። ባኞ ቤቱ ያሉት የልጅ ልጆቹ ናቸው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ሴራሚክና የባኞ ቤት ዕቃ አይቀመስም ተባለ። ጋሼ አዘኑ፤ ግን ፊታቸው ላይ እፎይታ ያየሁ መሰለኝ። ሰበብ ከውጭ ሲመጣ ክብር አለው።

የሊዝ አዋጁ፣ ቁጥር 721/2004፣ ግንባታ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ጊዜ ገደብ አለው። ለዚህም መድኃኒት አለ። ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ሲባል አንድ ቢያጆ አሸዋ በር ላይ ይደፋል። ሥራ ላይ ነን! አሸዋውን ክረምቱ ጠርጎ ይወስደዋል፤ በዓመቱ ሌላ ይደፋል።

እህታቸው ከጂዳ ገንዘብ ትልካለች፤ ሰው ቤት ተቀጥራ ያገኘችውን። በየጊዜው ፎቶ ይላክላታል። ፎቶው ከታች ወደ ላይ ስለሚነሳ ቤቱ ሰማይ ይነካል። ሰርቪሷ ፎቶ ውስጥ ገብታ አታውቅም። አምና ለእረፍት መጣች። ሻንጣዋን ይዛ ግቢው መሃል ቆማ «የት ነው የምተኛው?» አለች። ማስተር ቤድሩሙን አሳዩዋት። ሆቴል ገባች።

አንዳንዴ ሳስበው ታሪካችን ራሱ ይገርመኛል። ደርግ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወርስ፣ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ፈቅዶ ነበር። አበዛው። ለእኛ ጋሼ ጥጓ በቅታቸዋለች፤ ሌላው ለመንገደኛ ዓይን ነው። የዚያ አዋጅ አስፈጻሚ ዛሬ ተነስቶ ግቢያቸው ቢገባ ግራ ይገባው ነበር። የትኛው ነው ትርፉ?

ቤቱን ጨርሰውም የማይከዱ ጀግኖች ደግሞ አሉ። ከእኛ በር ፊት ለፊት ያሉት እትዬ ቤታቸውን አስጨርሰዋል፤ ጅብሰሙ፣ ሴራሚኩ፣ አልሙኒየሙ፣ ምን የቀረ አለ። በሳምንቱ አከራዩት። «ይሄን የሚያህል ቤት ውስጥ ተኝተን ምን እናደርጋለን?» አሉኝ። እሳቸው ሰርቪሷ ውስጥ ናቸው። ማታ ማታ ጋቢያቸውን ደርበው ይወጡና የራሳቸውን ሳሎን መስኮት ከግቢ ሆነው ያያሉ። ከዚያ በሩን ያንኳኳሉ።

«መብራት አጥፉ እንጂ! እንግዳም አብዝታችኋል!»

የሚያሳዝነኝ የጋሼ ፎርማን ነው። ስንት ዓመት እዚያ ግቢ ሲመላለስ ይህን ሁሉ ጥበብ በዓይኑ አይቶ ምንም አልተማረም። ወደ ለገጣፎ በኩል ቦታ ገዝቶ ሦስት ክፍል ቤት ሠራ። እንዳለቀ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ገባበት። ሰው ይሳሳታል ብዬ በቀስታ ጠየቅሁት።

«ሰርቪሱን በየት በኩል አደረግከው?»

«የምን ሰርቪስ?» አለኝ።