የእጃችሁን ጠይቁ፣ ደረሰኜን ተዉት

ሰሞኑን እዚህ ቨርጂኒያ አንድ የዳይቪንግ (የውሃ ውስጥ ጠለቃ) ዕቃ ሱቅ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። ከሱቅ ለመገዛቱ ደረሰኝ የሌለው ሬጉሌተር፣ ማለትም የጠላቂ መተንፈሻ ዕቃ፣ ከእንግዲህ ሰርቪስ አይደረግም ይላል። ኦንላይን የገዛ የገዛበት ይሂድ ነው ነገሩ። ባለቤቱ ይኼ አልበቃ ብሎት ፌስቡክ ላይ ማብራሪያ ጨመረበት። ኦንላይን የተገዛ መሣሪያ ሰው ይገድላል፣ የሰፈራችሁን ሱቅ ደግፉ፣ ኢንተርኔት የአየር ታንክ አይሞላላችሁም። ከሥሩ የአድናቂ መዓት።

ከመግደሉ እንጀምር። ሬጉሌተር ታንክ ውስጥ 200 ባር ገደማ ታምቆ ያለውን አየር አፍ ላይ ሲደርስ እንዲተነፈስ አድርጎ የሚያወርድ ዕቃ ነው። አፔክስ የሚባለው ሬጉሌተር መነሻው እንግሊዝ አገር ነው፣ ክሬሲ የሚባለው የጣሊያን ነው፣ ታይዋን ውስጥ የሚመረተውም ብዙ ነው። ያው ፋብሪካ፣ ያው ሳጥን። አንዱ ሳጥን በሱቁ መደርደሪያ በኩል ስላለፈ ምን ተባርኮ ይወጣል? ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ዕቃ ከማይታወቅ ሻጭ ገዝቶ ባሕር ውስጥ የሚገባ ሰው አለ፤ ለሱ አልከራከርም። ማስታወቂያው ግን እሱን ለይቶ አልተናገረም። ሁላችንንም ነው የጠቀለለን።

ሰው በምን እንደሚሞት ደግሞ ተጠንቷል። ዳን የሚባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት 947 ሞቶችን ተመልክተው፣ መነሻቸው ከታወቀው ውስጥ 41 በመቶው የጀመረው አየር በማለቁ ነው ብለዋል። 20 በመቶው የሆነ ነገር ይዟቸው ወይም ተጠላልፈው ነው። የመሣሪያ ችግር 15 በመቶ ነው። አየሩን ማየት የረሳ ሰው ሬጉሌተሩን ከየትም ይግዛው፣ አየሩ ያልቃል። እሺ፣ 15 በመቶም ቀላል አይደለም እንበል። ታዲያ የመሣሪያ ችግር የሚያሳስበው ሰው ሰርቪስ አላደርግም ይላል? ዕቃው ያስፈራል ካልክ ክፈተው፣ አየው፣ ጎማውን ቀይር፣ የመካከለኛ ግፊቱን (ከታንኩ ወጥቶ አፍ ጋ ሳይደርስ ያለውን) ለካ፤ 9 ወይም 10 ባር አካባቢ መቆም አለበት፣ ካልቆመ አስተካክለው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መለኪያና መለዋወጫ ነው እንጂ የኔ ደረሰኝ አይደለም።

ደግሞ አስቡት፣ ከሁሉም አስፈሪው ታንኩ ነው። በግፊት የታጨቀ ብረት ወይም አሉሚኒየም፣ ቢፈነዳ ሱቁን ይዞ የሚሄድ። ታንክ ስታስሞላ ግን ከየት ገዛኸው የሚልህ የለም። በዓመት አንዴ የሚደረገው የውስጥ ምርመራና በአምስት ዓመት አንዴ የሚደረገው የውሃ ግፊት ምርመራ ምልክቱ ይታያል፣ ቀኑ ካላለፈ ይሞላልሃል፣ ካለፈ ከፍለህ ታስመረምራለህ። ስለዚህ ይቻላል ማለት ነው! ሬጉሌተር ላይ ሲደርስ ብቻ ነው ደኅንነት ደረሰኝ የሚሆነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትልቁ ትርፍ ያለው እዚያ ነው።

አዲስ አበባ መኪና ያሠራ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። መለዋወጫውን ሶማሌ ተራ ሄደህ ተከራክረህ ትገዛለህ፣ መካኒኩ ጋ ይዘህ ትመጣለህ፣ እሱ የእጁን ይነግርሃል። ዕቃው ፎርጂድ ከሆነ ፊት ለፊት ይነግርህና አልገጥምም ይላል። ከኔ ስላልገዛህ መኪናህን አልነካም ያለ መካኒክ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

የዳይቪንግ ሱቆች ችግር የእጃቸውን መጠየቅ ማፈራቸው ነው። አየር መሙላት ብዙ ቦታ አሥር ዶላር አካባቢ ነው። ኮምፕረሰሩ፣ ማጣሪያው፣ ኪራዩ፣ ሠራተኛው በዚህ አይሸፈንም፤ ይኼን ለማወቅ ሒሳብ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም። ኮርሱም ለመሳቢያ በርካሽ ይሸጣል። ከዚያ ተማሪው ገና ሳይመረቅ ማስክ፣ ፊን (የእግር መቅዘፊያ) እና ስኖርከል (ውሃው ላይ ተንሳፎ መተንፈሻ ቱቦ) ያሸክሙታል። (ከኮርሱ በኋላ ያችን ስኖርከል የተጠቀመ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።) ጉድለቱ ሁሉ ሬጉሌተሩና ጥልቀትና ጊዜ የሚቆጥረው የዳይቭ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። እና አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ ዋጋ ያወዳደረ ቀን ጠቅላላ አሠራሩ ይናዳል። ያኔ ጥፋተኛው ዋጋ ያወዳደረው ይሆናል።

ሱቆቹ መከላከያ የላቸውም እንዳትሉኝ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ሊጂን በተባለ የቆዳ ዕቃ አምራች ጉዳይ 5 ለ 4 ወስኖ፣ አምራች የሱቅን ዝቅተኛ ዋጋ እንዳይወስን ከ1911 ጀምሮ ይከለክል የነበረውን ደንብ ሽሯል። ከዚያ ወዲህ በፌዴራል ሕግ አምራቹ ከዚህ ዋጋ በታች አትሽጡ ማለቱ በራሱ ጥፋት አይደለም። (ወንዙን ተሻግራ ያለችው ሜሪላንድ በ2009 በራሷ ሕግ ከልክላዋለች፤ ጎሽ።) ለውሳኔው ከቀረቡት ምክንያቶች ዋናው ምን ነበር? ለደንበኛው አገልግሎት የሚሰጠው ሱቅ፣ አገልግሎት በማይሰጥ ርካሽ ሻጭ እንዳይበላ። ማለትም ዋጋው ከፍ ብሎ የሚቆየው ሱቁ እንዲያገለግለን ነው። አሁን ዋጋውም ይቆይልን፣ አገልግሎቱንም እንከልክላችሁ ሲባል ምን ይባላል? ብዙዎቹ አምራቾች ደግሞ መለዋወጫውን ለተፈቀደለት ሱቅ ካልሆነ አይሸጡም። ራሴ ላድርገው ብትል ጎማዋን አታገኛትም። በሩን ከሁለቱም በኩል ቆልፈው ሲያበቁ ደግፉን ይላሉ።

አንድ ነገር እሰጣቸዋለሁ። ማስክና ዌትሱት (ብርድ የሚከላከል የጠላቂ ልብስ) ፊትና ሰውነት ላይ ተለክቶ ነው የሚገዛው፣ ሚልብሩክ የሚባለው ውሃ የሞላው የድንጋይ ካባ ውስጥ ገብቶ ማስኩ ውሃ የሚያስገባበትን ሰው በየሳምንቱ እናያለን። ሱቅ ገብቶ ሠራተኛውን አንድ ሰዓት አድክሞ፣ ሁሉንም ለክቶ፣ እዚያው ቆሞ አማዞን ላይ የሚያዝ ሰው ደግሞ ነውረኛ ነው። ግን ለዚህም መፍትሔው ማስከፈል ነው። መለካት 30 ዶላር፣ ከገዛህ ይቀነስልሃል በሉ። አየሩን 20 ዶላር አድርጉት። ኮርሱን በእውነተኛ ዋጋው ሽጡት። የሚጮህ ይጮሃል፣ ከዚያ ይከፍላል፤ ታንክ መሙያ ሌላ የት ይሄዳል?

የኔ ሬጉሌተር ሰርቪሱ ደርሶ ነበር። ለዚያ ሱቅ የእጁን እጥፍ ለመክፈል አላመነታም ነበር፣ ቅርብ ነው፣ ሠራተኞቹም ጎበዞች ናቸው። አሁን በፖስታ ሌላ ግዛት ላለ ቴክኒሻን ልኬዋለሁ። ስለ ዕቃው የጠየቀኝ ሞዴሉንና መጨረሻ ሰርቪስ የተደረገበትን ቀን ነው።