ኢንሱሌተር ግድግዳ ብቻ አይደለም

ኢንሱሌተር የሚባሉት የዲኤንኤ ክፍሎች፣ ከሚያርፉባቸው ፕሮቲኖች ጋር፣ በኢንሃንሰር (የጂንን ሥራ በሚያጠናክር የዲኤንኤ ክፍል) እና በፕሮሞተር (ጂኑ መነበብ በሚጀምርበት ክፍል) መካከል የቆሙ ግድግዳዎች ናቸው ሲባል ይሰማል። ግማሹ ልክ ነው።

በድሮሶፊላ (በፍራፍሬ ዝንብ) በደንብ የተጠናው የጂፕሲ ኢንሱሌተር ወደ 350 ቤዝ ጥንድ (የዲኤንኤ ፊደል ጥንድ) ርዝመት አለው። ሰፕሬሰር ኦፍ ሄሪ ዊንግ የተባለው ፕሮቲን የሚያርፍባቸው 12 ቦታዎች ይዟል፤ ሲፒ190 የተባለ ሌላ ፕሮቲንም አብሮት ይሰባሰባል። ጂፕሲ የሎ ከተባለው የቀለም ጂን ፕሮሞተር 700 ቤዝ ጥንድ ያህል ቀድሞ ሲገባ የክንፍና የገላ ኢንሃንሰሮቹን ከፕሮሞተሩ ስለሚለይ የዝንቧ ክንፍና ገላ ይገረጣል፤ የሻካራ ፀጉሯ ቀለም ግን አይነካም። የፀጉሩ ኢንሃንሰር ኢንትሮኑ (በጂኑ ውስጥ ያለ፣ ፕሮቲን የማይሠራ ክፍል) ውስጥ ስለሆነ ጂፕሲ በእሱና በፕሮሞተሩ መካከል አይደለማ!

ግድግዳ ቢሆን ኖሮ ሁለት ሲደረብ እገዳው ይብስ ነበር። በ2001 የታተሙ ሙከራዎች ግን ተቃራኒውን አሳዩ፦ ሁለት ጂፕሲ ኢንሱሌተሮች በመካከል ሲገቡ ኢንሃንሰሩ መልሶ ይሠራል። ሁለቱ ተያይዘው በመካከላቸው ያለውን ዲኤንኤ እንደ ቀለበት ስለሚያወጡት ኢንሃንሰሩ ወደ ፕሮሞተሩ ይቀርባል ተብሎ ይታሰባል።

አንድ የዲኤንኤ ቁራጭ ኢንሱሌተር መሆኑን በዝንብ ለሚሞክር ሰው፦ አንዳንድ ፕላስሚዶች (ጂን ለማስገባት የሚያገለግሉ የዲኤንኤ ቀለበቶች) ጂፕሲን ዳርና ዳር ይዘው ነው የሚመጡት። ካርታውን ሳያዩ ሌላ ጂፕሲ ከጨመሩ ኢንሱሌተሮቹ እርስ በርስ ተጣምረው ውጤቱን ያበላሹታል። የሠሩትን ዲኤንኤ ሁሉ በፋይ-ሲ31 (ዲኤንኤን በተመረጠ ቦታ በሚያስገባ ኤንዛይም) አንድ ቦታ ላይ ያስገቡ፤ አለዚያ ያረፈበት የክሮሞሶም ቦታ ተጽዕኖ ከውጤቱ ጋር ይቀላቀላል። መቆጣጠሪያው ደግሞ አይቅር፦ የሚፈተነውን ቁራጭ በኢንሃንሰሩና በፕሮሞተሩ መካከል ሳይሆን ከኢንሃንሰሩ ውጭ ባለው ወገን አስቀምጡት። እዚያም ጂኑን ካዳከመ ያገኛችሁት ሳይለንሰር (ጂንን የሚያዳክም የዲኤንኤ ክፍል) ሊሆን ይችላል።