ሚዛኗና እኔ

ጠዋት ጠዋት አንድ ሥነ ሥርዓት ነበረኝ። ምንም ሳልቀምስ ሽንት ቤት ደርሼ እመለሳለሁ። ሰዓቴን እፈታለሁ፣ መነጽሬን አወልቃለሁ። ትንፋሼን ሙልጭ አድርጌ አስወጣና ሚዛኗ ላይ እወጣለሁ። ችግሩ፣ ያለ መነጽር ቁጥሩ አይታየኝም። ጎንበስ ስል ደግሞ መርፌዋ ትዋልላለች። ስለዚህ መነጽሬን አድርጌ እመዘንና የመነጽሩን በግምት እቀንሳለሁ።

መርፌዋ ወርዳ ካደረች ቀኑን ሙሉ ፈገግ እንዳልኩ እውላለሁ። ጨምራ ከሆነ ሰላም ያለኝን ሁሉ እገላምጣለሁ።

አንዴ ካርቦሃይድሬት እርግፍ አድርጌ ትቼ በሳምንት ሁለት ኪሎ ወረደልኝ። ያላወራሁለት ሰው የለም። ለካ አብዛኛው ውሃ ኖሯል! ጡንቻ ውስጥ የሚጠራቀመው ስኳር በየግራሙ ሦስት ግራም ገደማ ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ስኳሩ ሲያልቅ ውሃውም ተከትሎት ይወጣል። ሳምንት ሙሉ የተራብኩት ለሽንት ነበር ማለት ነው።

ተናድጄ ጂም ገባሁ። አሰልጣኙ ገና አፉን ሳይከፍት ኪሎዬን ነገርኩት።

«እሱን መች ጠየቅኩህ? ስንት ፑሽ አፕ ትሠራለህ?»

«ሁለት።»

«እስቲ አሳየኝ።»

አንድ ተኩል ሆነ። ግማሿ ወርጄ የቀረሁባት ናት።

ከዚያ ምንም ክብደት ያልተጫነበትን ባዶውን ብረት አስያዘኝ። ባዶ የሚሉት 20 ኪሎ ነው። ስሙ ራሱ ስድብ ነው። ደግነቱ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጨመርበት ጀመር። መጀመሪያ ላይ ጉልበት የሚመጣው በአብዛኛው ጡንቻ አድጎ ሳይሆን፣ ነርቭ ያለውን ጡንቻ መጥራት ስለሚለምድ ነው አለኝ። የኔዎቹ ዕድሜ ልካቸውን የሚጠራቸው አጥተው ተኝተው ኖረዋል።

በሦስተኛው ወር ሚዛኗ ሁለት ኪሎ ጨመረችብኝ። ሱሪዬ ግን እየወረደ አስቸገረኝ። ጡንቻ ከስብ ይልቅ እምቅ ስለሆነ በእኩል ኪሎ የሚይዘው ቦታ ያነሰ ነው። እሷ ወፈርክ ትላለች፣ ቀበቶዬ ከሳህ ይላል።

ጓደኛዬ ደግሞ በስልኩ ቢኤምአይ የሚባለውን የክብደትና የቁመት ልኬት አስልቶ «ከመጠን በላይ ነህ» ብሎ ፈረደብኝ። ክብደትን ለቁመት ካሬ የማካፈሉን ነገር እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ያመጣው ቤልጂየማዊው አዶልፍ ኬትሌ ነው። ሰውዬው የከዋክብትና የስታቲስቲክስ ሊቅ እንጂ ሐኪም አልነበረም። ይፈልግ የነበረውም የሕዝብን አማካይ ነው። የኔ ቦርጭ በሐሳቡም አልመጣ።

የልቤ የደረሰው ሊፍት የተበላሸ ቀን ነው። ጎረቤቴ እማማ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዘው ደረጃው ሥር ቆመዋል። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው። ዱሮ ባዶ እጄን እንኳ ስወጣ በየፎቁ ስልክ የተደወለልኝ እየመሰልኩ አርፍ ነበር። ያን ቀን ጀሪካኑን አንስቼ አንዴም ሳልቆም በራቸው ደረስኩ። እሳቸው ቀስ ብለው ደርሰው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ልጄ፣ ወፈርክ ልበል?»

«አዎ እማማ። ውሃው የት ይቀመጥ?»

ሚዛኗን አልጣልኳትም። መንገድ ስሄድ ሻንጣ እመዝንባታለሁ። ባለፈው 24 ኪሎ አለችኝ፤ የተፈቀደልኝ 23 ነው። ሻንጣው እንደኔ ትንፋሹን ማስወጣት አይችልምና አንድ ጥንድ ጫማ አወጣሁለት።