ግድግዳዬን የዋጠው ሜሽ

ወገን፣ ፍረዱኝ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ ተገትሬያለሁ። ሦስተኛው ማኪያቶ ቀዝቅዟል። ያቃተኝ ነገር አንድ መስመር ነው። አንድ!

ለመመረቂያ ጽሑፌ የመሠረት ቁፋሮ እያሰላሁ ነው። 40 ሜትር ስፋት፣ 20 ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር። ከላይ ቀይ ሸክላ፣ ከ12 ሜትር በታች ዓለት፣ መሃሉ ላይ ደግሞ 8 ሜትር የሚወርድ ደጋፊ ግድግዳ። ይህን በትንንሽ ሦስት ማዕዘን፣ ሜሽ በሚባለው መረብ፣ የሚከፋፍልልኝ ጂሜሽ የተባለ ሶፍትዌር ነው፤ የቤልጂየም ምሁራን ሠርተው በነጻ የለቀቁት። እኔ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ አዝዘዋለሁ። በእጅህ አትሥለውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። የግድግዳውን ጥልቀት 30 ጊዜ መቀያየር አለብኝ፤ በእጅማ ዕድሜዬም አይበቃ።

የአፈሩን ሳጥን ሠራሁ፣ ግድግዳውን በመስመር አስገባሁ፣ ራን አደረግኩት። ያምራል! መስመሩም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለአማካሪዬ ላክሁላቸው። «አስጠግተህ እየው» አሉኝ።

አስጠግቼ ሳየው አንዱ ሦስት ማዕዘን እግሩን ከግድግዳው ወዲህ፣ ራሱን ወዲያ አድርጎ ተጋድሟል። ጎረቤቱም እንደዚያው። መስመሩ ለብቻው ተከፋፍሏል፤ ከሦስት ማዕዘኖቹ ጋር አንድ ነጥብ አይጋራም። ለስሌቱ ግድግዳው የለም ማለት ነው። ጥለት ያለው ነጠላ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጥለቱ አልተሸመነም፣ ላዩ ላይ ጣል ተደርጓል።

አንዲት ቀይ ጽሑፍ እንኳ አልወጣችም እኮ! ቅንፍ መዝጋት ብረሳ ፓይተን ሰፈሩን ያውካል። ስምንት ሜትር ግድግዳ ሲጠፋ ግን ጭጭ።

እሺ፣ ጥፋቱ የኔም ነው። ጂሜሽ ሦስት ማዕዘን ሲሠራ የሚከተለው፣ ዴሎኔ የተባለው ሩሲያዊ የሒሳብ ሰው በ1934 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ የሚያውቀው ነጥብን ነው። በሦስት ማዕዘኑ ጫፎች በሚያልፈው ክብ ውስጥ ሌላ ነጥብ አይግባ ይላል። ስለ ግድግዳ ምን ገዶት። ስለዚህ መስመሩን ኢምቤድ በሚባለው ትዕዛዝ የአፈሩ ገጽ አካል ነው ብለህ ማስመዝገብ አለብህ። ቤቱ ውስጥ መኖር ብቻውን መታወቂያ አያሰጥም አይደል? ከዚያ በፊት ደግሞ የሣልከውን ለጂሜሽ የሚያስረክብ ሲንክሮናይዝ የሚባል ትዕዛዝ አለ። እሱን ከረሳህ መስመሩን አላውቀውም ይልሃል። ይሄኛውስ ይናገራል፣ ይባረክ።

አስመዘገብኩ። ግድግዳው የመሬቱን አናት የሚነካበት ቦታ ሌላ ጣጣ ወጣ፤ የላይኛው የዳር መስመር እዚያች ነጥብ ላይ ለሁለት ካልተሰበረ አይጋጠሙም። ሰበርኩት። የዓለቱ ድንበር ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ስለሚያቋርጥ ገጹን ፍራግመንት በሚባለው ትዕዛዝ ለሁለት ቆረጥኩት። ሲቆርጥ የመስመሮቹን ቁጥር ቀያየረብኝ። በቁጥሩ ግድግዳዬን ስጠራ የሳጥኑ ግርጌ አቤት አለኝ።

ከመስኮቱ ማዶ ኤክስካቫተር እውነተኛውን መሬት ይቆፍራል። እኔ የውሸቱ አቅቶኛል።

አስራ ሁለት ሰዓት ገደማ ተሳካ! ሦስት ማዕዘኖቹ ከግድግዳው ግራና ቀኝ ነጥብ በነጥብ ገጠሙ። ግድግዳው ዳግም እንዳይጠፋኝ ፊዚካል ግሩፕ ውስጥ አስገብቼ ስም ሰጠሁትና ሴቭ አደረግኩ። ፋይሉን ስከፍተው አንድም ሦስት ማዕዘን የለም። ግድግዳው ብቻውን ቆሟል። ለካ ለአንዱ ስም ከሰጠህ፣ ስም የሌለውን በሙሉ ጥሎ ነው ሴቭ የሚያደርገው።

አስተናጋጇ መጣች። «ሒሳብ ልቀበል?»

የቱን ሒሳብ?